በረዶም ባትሪ ነው
የአንባቢያን ጥያቄ፣ የአንዲት ጡረተኛ መሐንዲስ መልስ

ክረምት ገብቶ መብራት መጥፋት ሲጀምር ሁሉም ሰው የኃይል ዕቅድ አውጪ ይሆናል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ነፋስና ስለ ከርሰ ምድር እንፋሎት ናቸው። አምስቱን መርጬአለሁ። የረዘሙትን ያሳጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የተቆረጠባችሁ አትቀየሙኝ።

«የተወለድነው መንዝ ነው። እዚህ ሜሪላንድ የምንኖር የአካባቢው ተወላጆች ለቀበሌያችን ጤና ኬላ 18,000 ዶላር አዋጥተናል። ኬላው መብራት የለውም። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ 40 የሶላር ፓኔሎች በኮንቴይነር ልንልክ ነው፤ ባትሪውን እዚያው ይገዙታል ብለናል። የክትባት ማቀዝቀዣ፣ መብራት፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር እንዲኖራቸው እንፈልጋለን። ዕቅዳችንን እንዴት ያዩታል?» (የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጌታዬ፣ ከታክሲና ከሌሊት ፈረቃ የተቆጠበ ገንዘብ መሆኑን ስለማውቅ በጥንቃቄ እመልስልዎታለሁ። ዕቅዳችሁ የጀመረው ከጣሪያው ነው። እኔ ግን ከቤቱ ውስጥ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንዲጀምር እፈልጋለሁ። በዚያ ሰዓት ማን አለ? ምን ይሠራል? የትኛው አምፖል ይበራል? ይህን የሚያውቁት ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸውና መጀመሪያ ለእነሱ ይደውሉ።

እስከዚያው እኔ በግምት ላስላ። አራት ባለ 10 ዋት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ 200 ዋት ሰዓት ይበላሉ። ባለ 50 ዋት ኮምፒውተር አራት ሰዓት ቢሠራ 200። ትንሽ ቴሌቪዥን ለጤና ትምህርት ሦስት ሰዓት ቢከፈት 180። ስልክ መሙያው 50 ቢሆን፣ ድምሩ 630 ዋት ሰዓት ነው። በአገራችን ፀሐይ 100 ዋት ፓኔል ብክነቱ ተቀንሶ በቀን 350 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በበጋ 200 ዋት ይበቃል። የመንዝ ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉምና ዝናብ ነው፤ እጥፍ አድርገን 400 ዋት እንበል። ይህ ማለት እናንተ ልትልኩ ካሰባችኋቸው 40 ፓኔሎች አንዱ ማለት ነው። አርባዎቹ በአንድነት በቀን 56 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫሉ፤ ኬላው ከሚፈልገው ወደ 90 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ 80 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ይፈልጋሉ። የቆርቆሮው ጣሪያ ስፋቱም ማገሩም ይህን አይችልም።

ባትሪው «እዚያው ይገዛል» የተባለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪ ነው። ሁለት ደመናማ ቀን እንዲያሻግራችሁ ባለ 12 ቮልት 150 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ይበቃል። የመኪና ባትሪ ማንም ቢያቀርብላችሁ እምቢ በሉ፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለመራቆት አይደለም።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ በወጣሁበት ወረዳ አንድ ጤና ኬላ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ያማሩ ፓኔሎች ተደርድረዋል፣ የለጋሹ ድርጅት ምልክትም በጉልህ ተለጥፏል። ውስጥ ግን ሠራተኛዋ የሕፃን ክብደት የምትመዘግበው በስልኳ መብራት ነበር። የባትሪውን ሣጥን ስከፍተው ሽንኩርት ተቀምጦበታል። ደረቅና ጥላ ስለሆነ ለሽንኩርት ይመቻል አለችኝ። መስመሩን ተከትዬ ስፈትሽ የተቃጠለው አንዲት ባልቦላ ሆና ተገኘች፤ ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት አይበልጥም። ባልቦላዋ ተቃጥላ ሁለት ዓመት ሙሉ የመጣ ሰው የለም። ባትሪውም ሳይሞላ ተቀምጦ በዚያው ደርቆ ቀረ። የማን ስህተት ነው ብዬ ስጠይቅ ለጋሹ ወደ ወረዳው፣ ወረዳው ወደ ተቋራጩ ጠቆመኝ፤ ተቋራጩ ስልኩን ቀይሯል።

ስለዚህ ከ18,000 ዶላሩ ግማሹን አታውጡት። ኬላውና ወረዳው በጋራ በሚፈርሙበት የባንክ ሒሳብ አስቀምጡት። በዓመት ሁለት ጊዜ እየሄደ የሚያይ፣ የሚያጥብ፣ ብሎን የሚያጠብቅ ባለሙያ ክፍያ ከዚያ ይወጣል፤ ባትሪው ሲያረጅም የሚተካው ከዚያ ነው። ባለሙያው ከደብረ ብርሃን ይሁን፣ ከአዲስ አበባ አይሁን፤ ርቀቱ ሲበዛ ሰበቡም ይበዛል። መለዋወጫ ባልቦላዎቹን በላስቲክ ቋጥሮ ከሣጥኑ ክዳን በስተጀርባ ይለጥፋቸው፤ ሠራተኞቹም ሲቀይሩ አጠገባቸው ሆኖ ይመልከት። ፓኔሉን ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብለው፤ ዝናቡ አቧራውን ይዞለት ይወርዳል።

የክትባቱ ማቀዝቀዣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የቤት ፍሪጅ እንዳትገዙ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ወረደም ወጣም ይበላሻል፣ የተበላሸው ደግሞ በዓይን አይለይም። ለዚህ ሲባል የተሠራ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መርምሮ የተቀበለው፣ ቀጥታ ከፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ። ባትሪ የለውም። ቀን ፀሐይ ሲያገኝ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ውኃ ያቀዘቅዛል፣ በረዶ ያደርጋል፤ ሌሊትና በደመና ቀን ያ በረዶ ክትባቱን ይጠብቃል። ባትሪው በረዶው ነው ማለት ነው፤ በረዶ ደግሞ አያረጅም። የራሱ ፓኔሎች ስላሉት ከመብራቱ መስመር ጋር አታገናኙት፤ ካገናኛችሁት አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ክትባቱን ይበላዋል። እነዚህ ማቀዝቀዣዎች የሚመጡት በመንግሥት የክትባት ፕሮግራም በኩል ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ምናልባት ለኬላችሁ ተመድቦ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት አቅርቡ። የዋናው መስመር ምሰሶ ወደ ቀበሌው ሊደርስ የታሰበው መቼ ነው? መጋቢት 2011 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ሁለተኛ እትም ዒላማ በ2025 እ.ኤ.አ. መብራትን ለሁሉም ማዳረስ ነበር፤ 65 ከመቶው በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው በፀሐይና ከመስመር ውጪ በሆኑ ዘዴዎች። ዒላማው ዘግይቷል፤ ቀበሌያችሁ ከየትኛው ወገን እንደተመደበ ማወቅ ግን ያዋጣችኋል። መስመሩ በቅርቡ የሚመጣ ከሆነ መስመሩንም ፓኔሉንም የሚቀበል ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ይገዛል፤ ፓኔሉም መስመሩ ሲቋረጥ ተጠባባቂ ይሆናል። ኮንቴይነሩን ተዉት። ሁሉም አዲስ አበባ ይገኛል፤ ዋስትናውንም የሚሰጠው እዚሁ ያለ ሻጭ ነው።

«ከአዳማ ነው የምጽፈው። ከመስኮቴ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ይታዩኛል። መብራት በጠፋ ቀን ይሽከረከራሉ፣ መብራት ባለ ቀን ቆመው አያቸዋለሁ። የሚያሾፍብን ማን ነው?» (የሁለት ልጆች እናት)

እህቴ፣ ማንም አላሾፈም፤ ግን ሲታይ ያናድዳል። ተርባይኑ ለእርስዎ ሰፈር አይሠራም። ያመነጨው ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ገብቶ ከግልገል ጊቤና ከተከዜ ከመጣው ጋር ይቀላቀላል። የእርስዎን መብራት የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመንደርዎ ያለው ትራንስፎርመር ወይም ወደ እሱ የሚያመጣው ሽቦ ነው። ለ50 ቤት ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር 120 ቤት ተሸክሞ፣ ሁሉም ቤት ጠዋት ምጣድ ሲጥድበት፣ ይቃጠላል። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ውጭ ወጥተው ይመልከቱ። የጠፋው የእርስዎ መንገድ ብቻ ከሆነ በተርባይኑ አይፍረዱ። ዕቅድ ስናወጣ ግድቡንና ተርባይኑን በሚሊዮን ዶላር እናስባለን፤ ያችን ትራንስፎርመር ግን እንረሳታለን። ትራንስፎርመር ስትመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለማ።

ቆመው የሚያዩበት ምክንያት ሌላ ነው። አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፣ 51 ሜጋዋት፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋዋት። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት የሚሰጠው ነፋሱ ሲበረታ ነው። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከመስኮት የሚያዩት ዝግተኛ ሽክርክሪት ምናልባት ምንም አያመነጭ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ለጥገና ይቆማል።

ታዲያ ምን ይጠቅማል ቢሉኝ፣ ውኃ ያጠራቅማል እልዎታለሁ። የእኛ ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ግድቦቹ መጉደል በሚጀምሩበት ጊዜ። በጥር ተርባይኑ በሰጠው ልክ በግድቡ ያለው ውኃ ሳይለቀቅ ይቀራል፤ ያ ውኃ በግንቦት ይመነዘራል። ግንቦት 2011 ዓ.ም. አገሪቱ በሙሉ በፈረቃ ስትጨልም ጊቤ ሦስት ውኃ አንሶት ነበር፤ የጎደለው 476 ሜጋዋት ነው ተብሎ ተነግሯል። በዚያ ወር የነፋሱን ዋጋ የተረዳው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ተረድቼው ነበር፣ ምክንያቱም ከ31 ዓመት አገልግሎቴ 19ኙን ኃይል በሚከፋፈልበት መቆጣጠሪያ ክፍል ነው የተቀመጥኩት።

የዕንቁጣጣሽን ዋዜማ አልረሳውም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፊት ለፊቴ ያለው የፍሪኩዌንሲ ቁጥር፣ ምርትና ፍላጎት እኩል ሲሆኑ እንደሚገባው፣ 50 ላይ ይቆማል። ከዚያ ድፎ ዳቦው፣ ዶሮው፣ ምጣዱ አንድ ላይ ሲጀመር ቁጥሩ 49.9፣ 49.8 እያለ ይንሸራተታል። ስልኩን አንሥቼ «ወፍጮውን አቁሙልኝ» እያልኩ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጋ እደውላለሁ። በዋዜማው ፋብሪካዎች ጭነት እንዲቀንሱ በራዲዮ የሚነገረው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት፣ ቀን ላይ አንድ ሺህ ሜጋዋት ተመርቶ ነበር ቢሉኝ ምን ይሠራልኛል? ያ ሰዓት ራሱ መሞላት አለበት።

«በአርባ ምንጭ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። የኅዳሴ ግድብ ተመርቋል። ታዲያ የከርሰ ምድር እንፋሎት ለምን ያስፈልገናል? ካስፈለገንስ ኬንያ እንዴት ቀደመችን?»

ልጄ፣ ጥያቄህ የፈተና ይመስላል፤ ደስ ብሎኛል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኔም እንደ ሌላው ሰው ቦንድ ገዝቻለሁ፤ የምረቃውን ዕለት በቴሌቪዥን ስመለከት አልቅሻለሁ። ነገር ግን ከኤሌክትሪካችን ከ90 ከመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። ዓባይ፣ ኦሞና ተከዜ የተለያዩ ወንዞች ቢሆኑም የሚጠብቁት አንድ ክረምት ነው። ከመሬት በታች ባለው ሙቀት የሚፈላው፣ ተርባይን የሚያዞረው እንፋሎት ግን ክረምቱን አይጠብቅም። ሌሊትም ቀንም፣ በድርቅም በዝናብም እኩል ይሠራል።

ኬንያ ኦልካሪያ ላይ የመጀመሪያዋን 15 ሜጋዋት ማሽን ያስነሣችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በዚያው ዘመን እኛም ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው አሉቶ ላይ እየቆፈርን ነበር። ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የወረዱ አሉ፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኘ። ስለዚህ መሬቱ አልከዳንም። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ወደ 7 ሜጋዋት የሚሆን የሙከራ ጣቢያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ቆመ፣ ተጠገነ፣ ደግሞ ቆመ። ኬንያ አሁን ከ900 ሜጋዋት በላይ ከእንፋሎት ታገኛለች።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? የእንፋሎት ወጪ መልኩ ክፉ ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በርካታ ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል፤ ገንዘቡን የምታወጣው እንፋሎት መኖሩን ሳታውቅ ነው። ባዶ ጉድጓድ ያጋጥማል። ይህን ዕዳ የግል ባለሀብት ብቻውን አይሸከመውም፤ ባንክም አያበድረውም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቁፋሮው ብቻ የመንግሥት ኩባንያ አቋቋመች። መጀመሪያ መንግሥት ይቆፍራል፤ እንፋሎቱ ከተረጋገጠ በኋላ ባለሀብቱ ተርባይን ይዞ ይመጣል። መሣሪያውም ባለሙያውም ከዓመት ዓመት ሳይበተን ቆየ። እኛ ጋ ግን ቁፋሮው በእርዳታ ይጀመራል፣ እርዳታው ሲያልቅ ይቆማል፣ ቆፋሪው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን የምለው በዕቅድ ስብሰባዎች ላይ ስለተቀመጥኩ ነው። ሁልጊዜ ከጎኑ ርካሽ ወንዝ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ወንዙ በኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያሸንፋል፤ እንፋሎቱ ወደሚቀጥለው ዕቅድ ይተላለፋል። በድርቅ ዓመት ያለው ዋጋ የሚጻፍበት ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም። አንድ ጊዜ ይጨመር ብዬ ጠይቄ «ድርቁን ከአሁኑ እንዴት እናውቀዋለን?» ተባልኩ። እኔም እሳት ሳይነሣ የእሳት አደጋ መኪና የገዛነው ለምንድን ነው ብዬ መለስኩ፤ ስብሰባው ለምሳ ተበተነ።

ሙያውን ከወደድከው አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚሰጥ የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና አለ፤ ብዙ ኬንያውያንና ኢትዮጵያውያን ተምረውበታል። መሥሪያ ቤት ስለሚልክህ መጀመሪያ በዘርፉ ሥራ ያዝ።

«ጅዳ በሰው ቤት እሠራለሁ። ወሎ ለምትኖረው እናቴ ከኩራዝ የሚያወጣት ሶላር ከዚህ ልላክላት?»

አይላኩ፣ የእኔ እኅት። ገንዘቡን ልከው ደሴ ይገዛላት። ሲበላሽ የምትመልስበት ሱቅ እንዲኖራት ነው። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት አምፖል፣ ስልክ የሚሞላ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና በወረቀት ያለው ይሁን። ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው እርስዎ ጋ ያስቀምጡት። ፓኔሏን ሌባ በመፍራት ከቤት ውስጥ በመስኮት በኩል እንዳታስቀምጣት ይንገሯት፤ ብዙ እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «ሶላሩ አይሠራም» ይባላል።

«ቦሌ ቡልቡላ ነው የምኖረው። አንድ ሻጭ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና ባለ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ቤቱን በሙሉ፣ ምጣዱንም ጭምር ይችላል አለኝ። ልክፈል?»

ኢንቨርተሩ ምጣዱን ይችለዋል፤ እስከዚህ ሰውየው አልዋሸም። ባትሪው ግን ሌላ ነገር ይላል። ምጣድዎ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ከባትሪው የሚወጣው 2.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው ብንል 38 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ምጣዱ እስኪሰማ 12 ደቂቃ ይሄዳል። በቀሪው 26 ደቂቃ፣ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ቢይዝ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ እንጀራ ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ መብራቱም ፍሪጁም ኢንተርኔቱም እስኪነጋ የለም።

የእኔ ምክር ባትሪውን ለመብራት፣ ለፍሪጅና ለስልክ እንዲተዉት ነው፤ ለዚህ ጥሩ ነው። እንጀራውን መብራት ባለ ሰዓት፣ ጣሪያዎ ላይ በቂ ፓኔል ካለ ደግሞ ቀትር ላይ በፀሐዩ ይጋግሩት። እንጀራ በመሶብ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ኃይሉን የሚያስቀምጥልዎ መሶቡ ነው፣ ዋጋውም ከሊቲየም ይረክሳል።

ሻጩ አሁንም «ይችላል» ካለ ክርክር አይግጠሙ። ዕቃውን ይዞ ይምጣ፣ ሊጡን እርስዎ ያቅርቡ፣ የቤቱን ቆጣሪ አጥፍታችሁ ይጋገር። ዘጠኝ ካወጣ ስሌቴ ልክ ነው። ሃያ ካወጣ የሻጩን ስልክ ቁጥር ይላኩልኝ፤ እኔም እገዛለሁ።